ሩሲያ ውስጥ የክልል ምርጫ ለምን ይደረጋል? አንድ ጥያቄና 24 መልሶች

በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ሰው የከፈተው የውይይት ክር ነው፤ የመነሻው ጽሑፍ ጥያቄ አጭር ነበር። ሩሲያ ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ከታወቀ፣ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ የክልል ገዥና የክልል ምክር ቤት ምርጫ ለምን ይደረጋል? ጸሐፊው ግን በጥያቄው አላቆመም። ነገሩ ከላይ እስከ ታች ድራማ ነው፣ ስለ እሱ ማንበብም ጊዜ ማባከን ነው ሲል ደመደመ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሩሲያን ምርጫ ለዓመታት ስከታተል የኖርኩት ውጤቱን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ሰው መንገዱ ሁሉ ተዘግቶበት እንኳ ቀዳዳ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ እዚያ ይታያል። ክሩ ረጅም ስለሆነ የተባለውን እንዲህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ከጠያቂው ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ጨዋ ጽሑፍ ነው፣ ሦስት መስመር አይሞላም። ምሳሌው ቼቺኒያ ነበረች። ራምዛን ካዲሮቭ በ2021 ከ99 በመቶ በላይ ድምጽ አገኘ ከተባለ በኋላ ስለ ምርጫ ምን ይወራል የሚል ነው።

2ኛው ቼቺኒያ አገሩን ሁሉ እንደማትወክል አስታወሰ። ሩሲያ ውስጥ ከ80 በላይ ግዛቶች አሉ፣ ጠባያቸውም ለየቅል ነው። አንዱ ጋ ኮሮጆ ይገለበጣል። ሌላው ጋ ቆጠራው ደህና ይሆንና አስቀድሞ የሚጣራው እጩው ነው። ይህቺን ሁለተኛዋን ነጥብ ያዙልኝ፣ ክሩ የዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

3ኛው መልስ የጋሼ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ መድረኩ ላይ ግን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ሄደው ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ያኔ ድምጽ መስጫው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ስም አንድ ብቻ ነበር። ሰዉ ማልዶ ወደ ጣቢያው የሚሄደው፣ በዕለቱ እዚያ በሚከፈተው ቡፌ በሌላ ቀን የማይገኝ ነገር ስለሚሸጥ ጭምር እንደነበር ጻፉ። በ1990ዎቹ ገዥዎች በሕዝብ መመረጥ ጀመሩ። በ2004 ሴፕቴምበር ቤስላን በሚገኝ ትምህርት ቤት ታጣቂዎች ሰው አገቱና ከ330 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ሕጻናት ነበሩ። ፑቲን በዚያው ወር የገዥዎች ቀጥታ ምርጫ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ፣ ዓመቱ ሳያልቅም ሕግ ሆነ። የሕጻናቱ ሞትና የገዥ ምርጫ ምን እንደሚያገናኛቸው ለጋሼ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ምርጫው የተመለሰው ከሞስኮው ትልልቅ ሰልፎች በኋላ በ2012 ነው። የተመለሰው ግን ከነማጣሪያው ነው።

4ኛው ማጣሪያው ምን እንደሆነ አብራራ። ለገዥነት የሚወዳደር ሰው ከክልሉ የወረዳና የማዘጋጃ ቤት ተመራጮች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑትን ማስፈረም አለበት። ያውም ከሦስት አራተኛዎቹ ወረዳዎች። እነዚህ ተመራጮች በአብዛኛው የገዥው ፓርቲ የዩናይትድ ራሺያ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ተቃዋሚው ለመወዳደር የተቀናቃኙን ፈቃድ ይፈልጋል። አሌክሲ ናቫልኒ እንኳ በ2013 ለሞስኮ ከንቲባነት መወዳደር የቻለው የገዥው ፓርቲ ተመራጮች ስለፈረሙለት ነው። 27 በመቶ አገኘ። ሰርጌ ሶቢያኒን ከ51 በመቶ ትንሽ አለፈና ከሁለተኛ ዙር ለጥቂት ተረፈ። ናቫልኒ ከዚያ ወዲህ ለሌላ ምርጫ እጩ ሆኖ መቅረብ አልተፈቀደለትም።

5ኛው አመሰገነና ተጠባባቂ ገዥ የሚባለው ምን እንደሆነ ጠየቀ። 6ኛው መለሰለት። የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንቱ የተጠላውን ገዥ ከምርጫው ወራት አስቀድሞ ያነሳውና በምትኩ ተጠባባቂ ይሾማል። ሹሙ ብዙ ጊዜ ከሌላ ክልል የመጣ ነው። ለጥቂት ወራት መንገድ ሲመርቅ፣ ሆስፒታል ሲጎበኝ በክልሉ ቴሌቪዥን ይታያል። ሴፕቴምበር ሲደርስ ሥልጣን ላይ ሆኖ ይወዳደራል።

7ኛው ላይ ድምፁ ሻከር አለ። ይህ ሁሉ ማብራሪያ የጠያቂውን ሐሳብ ከማጠናከር ሌላ ምንም እንዳልጨመረ፣ ሰዎች አዋቂ ለመምሰል ብቻ እንደሚጽፉ ተናገረ።

8ኛው የእኔ ነው። ወደ 2018 መለስኳቸው። በዚያ ዓመት ጁን 14፣ የዓለም ዋንጫ ሞስኮ ላይ በተከፈተበት ዕለት፣ መንግሥት የጡረታ ዕድሜን ከፍ እንደሚያደርግ አስታወቀ። የወንዶቹ ከ60 ወደ 65፣ የሴቶቹ ከ55 ወደ 63። ኋላ ፑቲን የሴቶቹን ወደ 60 ዝቅ አደረገው፤ ቁጣው ግን አልበረደም። ሴፕቴምበር ላይ በአራት ክልሎች የዩናይትድ ራሺያ ሰዎች በአንደኛው ዙር ማሸነፍ አቃታቸው፤ ካባሮቭስክ፣ ፕሪሞርየ፣ ቭላዲሚርና ካካሲያ።

በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ያለችውን ካባሮቭስክን ዘርዘር አድርጌ ጻፍኩ። ሰርጌ ፉርጋል በሙያው ሐኪም ነው። በኋላ በእንጨትና በብረት ንግድ ተሰማራ፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የብሔርተኛውን ፖለቲከኛ የዚሪኖቭስኪን ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ወክሎ የዱማ (የሩሲያ ፓርላማ) አባል ነበር። በ2013 ከገዥው ቭያቼስላቭ ሽፖርት ጋር ተወዳድሮ በሰፊ ልዩነት ተሸንፏል። በ2018ም ለወግ ብቻ ከሚቀርብ አጃቢ እጩ በላይ ይሆናል ብሎ የጠበቀው አልነበረም። በአንደኛው ዙር 35.8 ለ35.6 ሆኑ። ከዚያ ሽፖርት የምክትልነት ቦታ አቀረበለት፤ ፉርጋልም እሺ አለ። ስሙ ግን ከወረቀቱ አልወጣም። በሁለተኛው ዙር ሰዉ ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ድምጽ ሰጠው። ምክትል ለመሆን የተስማማውን ሰው ሕዝቡ ገዥ አደረገው። በቭላዲሚርም የዚያው ፓርቲ ሰው ቭላዲሚር ሲፒያጊን ሥልጣን ላይ የነበረችውን ስቬትላና ኦርሎቫን 57 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ድራማ ከሆነ፣ እነዚህ ሁለት ምሽቶች ላይ ተመልካቹ መድረኩ ላይ ወጥቷል ብዬ ጨረስኩ።

9ኛው ያኔ በፕሪሞርየ ዋና ከተማ በቭላዲቮስቶክ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። በዚያ ሰሞን ፕሪሞርየ ውስጥ የሆነውን በቅርብ አይቷል። ሴፕቴምበር 16 ሌሊት፣ የሁለተኛው ዙር ድምጽ ሲቆጠር፣ አብሮት የሚኖረው ሩሲያዊ ተማሪ የምርጫ ኮሚሽኑን ገጽ በስልኩ ደጋግሞ ሲከፍት ያድር ነበር። ኮሚኒስቱ አንድሬ ኢሽቼንኮ ከ95 በመቶ በላይ ድምጽ ተቆጥሮ በ6 ነጥብ ገደማ ይመራል። ሩሲያዊው ደስ ብሎት ሻይ አፈላ። ጥቂት ቆይቶ ገጹን ሲከፍተው ተጠባባቂ ገዥው አንድሬ ታራሴንኮ ቀድሟል። የቀሩት ጥቂት ጣቢያዎች፣ በተለይ የኡሱሪስክ ከተማዎቹ፣ ውጤቱን ገለበጡት። ሩሲያዊው ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሮ ወጣ፤ በማግስቱ አደባባይ ከተሰበሰቡት ጋር ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ፑቲን እዚያው ከተማ ታራሴንኮን አግኝቶ እንዳበረታታው ሁሉም በቴሌቪዥን አይቷል።

10ኛው ኢሽቼንኮ አሸንፎ ሥልጣኑን ተነጠቀ የሚል ነገር ጻፈ። 11ኛው በትህትና አረመው። አሸናፊ ተብሎ የታወጀ ሰው አልነበረም። በኤላ ፓምፊሎቫ የሚመራው ማዕከላዊ ምርጫ ኮሚሽን ውጤቱ እንዲሰረዝ መከረ፣ የክልሉ ኮሚሽንም ሴፕቴምበር 20 ሰረዘው። ታራሴንኮ ተነሳና የሳካሊን ገዥ የነበረው ኦሌግ ኮዤምያኮ በተጠባባቂነት መጣ። ዲሴምበር ላይ በድጋሚ በተደረገው ምርጫ ወደ 62 በመቶ አገኘ። ኢሽቼንኮ በዚህኛው ላይ አልተወዳደረም፤ የተመራጮቹ ፊርማ አልተሟላልህም ተባለ። አንድ ሰው ግማሽ ያህሉን ድምጽ ባገኘበት ክልል ውስጥ ሦስት ወር ሳይሞላ እጩ መሆን ሲከለከል ነው 4ኛው የጻፈው ማጣሪያ ምን እንደሚሠራ ፍንትው ብሎ የሚታየው።

12ኛው ካካሲያን አነሳ። ገዥው ቪክቶር ዚሚን በአንደኛው ዙር ከኮሚኒስቱ ቫለንቲን ኮኖቫሎቭ በታች ሆነና ከሁለተኛው ዙር በፊት ራሱን አገለለ። ሕጉ ተከታዩን ሰው ይተካል፤ እሱም ወጣ። ከዚያ የሚቀጥለውም ወጣ። ምርጫው ሲገፋ ሲገፋ ኖቬምበር ደረሰ። ወረቀቱ ላይ የ30 ዓመቱ ኮኖቫሎቭ ስም ብቻውን ቀረ፣ ከጎኑም እደግፋለሁ እና እቃወማለሁ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። ከ57 በመቶ በላይ ደገፈው። በ2023 ደግሞ ሞስኮ የምትደግፈው ሰርጌ ሶኮል ድምጽ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩ በሕመም ምክንያት ወጣ፣ ኮኖቫሎቭም በ63 በመቶ ደገመ።

13ኛው መልስ የአንዲት እህት ነው። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይኸንን ነው። ኮስትሮማ ክልል ውስጥ ፖቫሊኪኖ የምትባል ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት ገጠር አለች። በ2020 የመንደሩ አስተዳዳሪ፣ የዩናይትድ ራሺያ ሰው፣ ብቻውን መወዳደር ስላልተፈቀደለት አጃቢ ፈለገ። የሚስማማ ሰው አጣ። በመጨረሻ የአስተዳደሩን ቢሮ የምታጸዳውን ሴት ለመናት፤ ከፎርሙ ሌላ የሚጠበቅባት እንደሌለ ስለተነገራት እሺ አለች። አልቀሰቀሰችም፣ ፖስተር አልለጠፈችም። 62 በመቶ ገደማ አግኝታ አሸነፈች። ስትወለውለው የኖረችውን ቢሮ ተረከበች። በመጀመሪያ ላደርገው የምፈልገው የመንደሩን የመንገድ መብራት ማስተካከል ነው አለች። እህታችን ይህን ጽፋ፣ ካባሮቭስክም ፖቫሊኪኖም ታሪኩ አንድ እንደሆነ ጨመረች። ሰዉ እጩውን አያውቀውም። የሚያውቀው ያለውን አለመፈለጉን ነው።

14ኛው ግን ተቆጣ። ጽዳት ሠራተኛና መንደር እያነሳችሁ ወንጀለኛን ጀግና ልታደርጉ ነው አለ። ፉርጋል በ2004 እና በ2005 በተፈጸሙ ግድያዎች ተከሶ፣ በ2023 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ጥፋተኛ ብለውት 22 ዓመት እንደተፈረደበት አስታወሰ። እዚህ ላይ የተጠቀመባቸው ቃላት ለመድረኩ የሚመጥኑ አልነበሩም።

15ኛው በዚያው ቋንቋ መለሰ። ወንጀሉ ተፈጽሞ ከሆነ ሰውየው ከ10 ዓመት በላይ ሞስኮ ውስጥ የፓርላማ ወንበር ላይ ሲቀመጥ መርማሪዎቹ የት ነበሩ? የተያዘው በጁላይ 2020 ነው፤ ፓርቲው በ2019 የክልሉን ምክር ቤት ከ36 ወንበር 30ውን ጠራርጎ ከወሰደ በኋላ። ጉዳዩን የሰሙት የሕዝብ ዳኞች ደግሞ የካባሮቭስክ ሰዎች አይደሉም፣ ሞስኮ ጥግ ካለችው ሉበርትሲ ናቸው። እኔ ሰውየው ንጹሕ ነው ብዬ አልሟገትም። ግን ጊዜው የሚናገረው ነገር አለ። ጁላይ 11 ካባሮቭስክ ከተማ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ከተማዋ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። በየቅዳሜው ለወራት ከሌኒን አደባባይ እየተነሱ ሰልፍ ወጡ። የብዙዎቹ ጥያቄ ፉርጋል እዚሁ ካባሮቭስክ ይዳኝ የሚል ነበር። ፑቲን በምትኩ ሚካይል ደግትያሬቭን ላከላቸው። ፓርቲው ያው ነው፤ ሰውየው ግን የሳማራ ልጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ የተወዳደረውም ለሞስኮ ከንቲባነት ነበር።

16ኛው ጋሼ ናቸው፣ ለሁለቱም። ልጆቼ ብለው ጀመሩና ነገሩን አበረዱት። ካባሮቭስክ ከሞስኮ በ7 ሰዓት እንደምትቀድም፣ እዚያ ሰው ሥራ ውሎ ሲገባ ሞስኮ ገና ቀኑን እየጀመረች እንደሆነ ጻፉ። እንጨቱ፣ ዓሣው፣ ማዕድኑ ከዚያ ይወጣል፤ ውሳኔው ከሞስኮ ይመጣል። ሰዉ የወጣው ለፉርጋል ፍቅር ብቻ ሳይሆን በገዛ ድምጹ ስለተነካበት መሆኑን መርሳት እንደማይገባ መከሩ። 14ኛው መልስ አልሰጠም።

17ኛው መንገድ ሳተ። ስለ ሩሲያ ምርጫ ማውራታችንን ትተን ስለ አገራችን እንድናወራ ጠየቀ። 18ኛው ደግሞ ሩሲያ በ2023 በያዘቻቸው የዩክሬን ግዛቶች፣ ማለትም በዶኔትስክ፣ በሉሃንስክ፣ በዛፖሪዥያና በኬርሶን፣ የምክር ቤት ምርጫ ማድረጓን አነሳ። ከዚያ በ2022 ኦክቶበር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግዛቶቹ መጠቅለላቸውን በ143 ድምጽ ሲቃወም ኢትዮጵያ ድምጸ ተዓቅቦ ማድረጓን አስታወሰ። ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። 19ኛው ስድብ ስለነበረበት አወያዩ አነሳው። ስለ ኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ መጻፍ የሚፈልግ ሌላ ክር እንዲከፍት አስጠነቀቀ። ልክ ነበር።

20ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። በ2021 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ያብሎኮ የተባለው ተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ቦሪስ ቪሽኔቭስኪ ለከተማዋ ምክር ቤት ሲወዳደር፣ በዚያው ወረዳ ሁለት ሌሎች ሰዎች ስማቸውን ቀይረው ቦሪስ ቪሽኔቭስኪ ሆኑ። ስም ብቻ አይደለም። ድምጽ መስጫ ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ወደ ክሩ ያመጣው ይኸው አባል ነው። ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን፣ ሦስቱም ሽበት ያለበት ጢም፣ ሦስቱም ከፊት የሸሸ ጸጉር። መራጩ ትክክለኛውን ለማግኘት ከሥሩ የተጻፈውን የአባት ስምና ፓርቲ ማንበብ አለበት። ቪሽኔቭስኪ ወረዳውን ተሸነፈ፤ ምክር ቤት የገባው በፓርቲው ዝርዝር ነው። ፎቶውን ያዩ ሰዎች ሳቁ፤ እኔ ግን ያን ሰው አሰብኩት። ዕድሜውን በሙሉ የሠራበትን ስም ከሁለት ሰው ጋር ሲካፈል።

21ኛው በዚያው ሳምንት ሞስኮ ውስጥ የሆነውን ጨመረ፤ ባለሙያ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህሩ ሚካይል ሎባኖቭ ለዱማ ሲወዳደር በወረቀት ድምጽ የቴሌቪዥን አቅራቢውን የቭጌኒ ፖፖቭን ከ10 ሺህ በላይ ቀድሞ ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ድምጹ ዘግይቶ ተጨመረና ፖፖቭ አሸነፈ። በሞስኮ 15ቱም ወረዳዎች ከንቲባው የደገፋቸው እጩዎች አለፉ። በአገር ደረጃ ዩናይትድ ራሺያ 49.8 በመቶ ድምጽ አግኝቶ ከ450ው ወንበር 324ቱን ወሰደ። ግማሽ ድምጽ እንዴት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወንበር ይሆናል ለሚል፣ ግማሹ ወንበር በነጠላ ወረዳ ስለሚከፋፈል እዚያ አንደኛ የወጣው ሁሉን ይወስዳል።

22ኛው አጭርና ከባድ ነው። ይህን ሁሉ ሲመዘግብ የኖረው ጎሎስ የተባለው የታዛቢዎች ማኅበር ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ግሪጎሪ ሜልኮንያንትስ በ2023 ኦገስት ታሰረ፣ በ2025 ሜይ 5 ዓመት ተፈረደበት። ማኅበሩም ሥራውን አቆመ። ይህ ሰው ድንጋይ አልወረወረም። ሥራው መቁጠር ነበር።

23ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ድራማ የሚለውን ቃል እንደማይተው ገለጸ፤ ግን ጥያቄውን ቀየረ። በ2026 ሴፕቴምበር የዱማ ምርጫ አለ፣ ብዙ ክልሎችም አብረው ይመርጣሉ። ቁም ነገሩ የት ነው የሚታየው?

24ኛው የእኔ መልስ ነው። ከ2018 ወዲህ በአንድም የገዥ ምርጫ ሁለተኛ ዙር ተደርጎ አያውቅም። ይህ የሆነው ሰዉ ገዥዎቹን ስለወደደ አይደለም። ሽፖርትን የጣለውን ዓይነት አጃቢ እንኳ ወረቀቱ ላይ ላለማስገባት ጥንቃቄው ስለጨመረ ነው። ስለዚህ የሴፕቴምበርን ምሽት ውጤት ከመጠበቅ ይልቅ በጁላይና በኦገስት የሚወጣውን የእጩዎች ምዝገባ እንዲያይ ጻፍኩለት። ማን ተመዘገበ፣ ማን ፊርማ ጎደለው ተባለ፣ ማን በድንገት ታመመ። ከዚያ ለገዥ ምርጫ የሚሆን አንድ ክልል መርጦ የተቀናቃኞቹን ስም አንድ በአንድ እንዲያነብ፣ ካገኘም እዚሁ እንዲለጥፈው ጠየቅሁት። እሺ አለ፣ አወያዩም ክሩን ክፍት ተወው።